መልስ፦ በ«ኤ» እና «ቲ» ስለሚያልቁት አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት

እነ ካት፣ ባት እና ሃት የተባሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መጨረሻቸው አንድ ስለሆነ በትርጉምም ይዛመዱ እንደሆነ ጠይቀዋል። አይዛመዱም። ቤት ይመታሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም።

ካት ድመት፣ ሃት ባርኔጣ፣ ማት ምንጣፍ ነው። ሳት ግን ስም ሳይሆን ግስ ነው፤ «ተቀመጠ» ማለት ነው። ፋት «ወፍራም» ወይም «ስብ» ይሆናል፤ ሰውን በዚህ ቃል መጥራት ነውር ነውና ይጠንቀቁ። ራት ትልቁ አይጥ ነው። እኛ ትልቁንም ትንሹንም አይጥ እንላለን፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን ትንሹን ማውስ ይሉታል፤ የኮምፒውተሩ ማውስ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ባት ደግሞ የሌሊት ወፍም፣ ክሪኬት የተባለው የኳስ ጨዋታ መምቻም ነው፤ ሁለቱ ከተለያየ ሥር መጥተው በአጋጣሚ አንድ ሆኑ።

በእኔ እይታ ግን ከትርጉሙ ይልቅ የሚያስቸግረው አነባበቡ ነው። የመካከሏ ድምፅ በአማርኛ የለችም። እኔ «ባት» ብዬ ብጽፍም ትክክለኛው ድምፅ በ«ባ» እና በ«ቤ» መካከል ያለ ነው፤ አፍን ለ«ባ» ከፍቶ ምላስን ወደ «ቤ» ማስጠጋት ያስፈልጋል። ይህ ካልተለየ «ባርኔጣዬ የት አለ» ሊሉ አስበው «ጎጆዬ የት አለ» ይሉና (ጎጆ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም በእኛ ጆሮ «ሃት» ነው) ሰሚው ግራ ይጋባል። ባት ራሱ «ግን» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ይምታታል። ስለዚህ ቃላቱን ከማንበብዎ በፊት የድምፅ ቅጂ ቢያዳምጡ ይሻላል።

በተረፈ፣ «ምን» የሚለው ዋት ሲጻፍ በእነዚሁ ሁለት ፊደላት ያልቃል፤ ሲነበብ ግን ከካት ጋር ቤት አይመታም።