ባለቤቴ ታክሲ ውስጥ «ልሞት ነው» ትላለች፤ ብቻዋን መውጣት ካቆመች 7 ወር ሆናት

ጥያቄ፦ የ36 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምንኖረው ጀሞ ነው። ባለቤቴ 31 ዓመቷ ነው፤ ሜክሲኮ አካባቢ በሂሳብ ሠራተኝነት ትሠራለች። ከ7 ወር በፊት ሚኒባስ ውስጥ ሆና መካኒሳ ላይ መንገድ ተዘጋ። ድንገት ልቧ መምታት ጀመረ፣ ትንፋሽ አጠራት፣ እጇ ደነዘዘ። «ልሞት ነው» ብላ ወርዳ ደወለችልኝ። ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ለልቧ ኢሲጂ ተነሳች፣ ኤኮ ታየች፣ ለምርመራ ደም ሰጠች። «ምንም የለብሽም» አሏት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ በሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሄደናል፤ መልሱ ያው ነው። አሁን ብቻዋን ታክሲ አትሳፈርም። ጠዋት አደርሳታለሁ፣ ማታ አመጣታለሁ፣ በመሃል ስትደውል ሥራ ጥዬ እሮጣለሁ። አለቃዬ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶኛል። እናቷ «ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል ትግባ» ይላሉ፤ እኔ እምቢ ስላልኩ ተቀያይመናል። ሲብስባት ጎረቤታችን የሰጠቻትን ዳያዝፓም የተባለ ማረጋጊያ ክኒን ትውጣለች። ማታ ማታ «ልቤን ዳስልኝ» ትለኛለች። ከሁሉ የከበደኝ ግን ከእኔ መራቋ ነው፤ አልጋ ላይ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። ታስመስል ይሆን? ወይስ ጠልታኝ ነው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። የምታስመስል አይመስለኝም፤ ጀርባዋን መስጠቷንም ቸኩለው በጥላቻ አይተርጉሙት። የጻፉልኝ ነገር ፓኒክ ዲስኦርደር ከሚባለው፣ ድንገተኛ ከባድ ፍርሃት ከሚመላለስበት ሕመም ጋር በደንብ ይገጥማል። ማረጋገጥ ያለበት ግን ፊት ለፊት ያያት ባለሙያ ነው፤ በደብዳቤ የሚሰጥ ምርመራ የለም። ፓኒክ ያለበት ሰው የሚፈራው ታክሲውን አይደለም፤ የገዛ ልቡን ምት ነው። ስለዚህ ልብ የሚያስሮጥ ነገር ሁሉ ያስደነግጠዋል፦ ደረጃ መውጣት፣ ሙቀት፣ ንዴት፣ በረካ ድረስ የተጠጣ ቡና። ከትዳር ጓደኛ ጋር መተኛትም ልብ ያስሮጣል፣ ትንፋሽ ያፈጥናል፣ ያልባል። ብዙ ባለትዳሮች በዚህ ምክንያት አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ይራራቃሉ። ቀን ላይ፣ ረጋ ባላችሁበት ሰዓት «ልብሽ ሲመታ ስለሚያስፈራሽ ነው?» ብለው ይጠይቋት። «ጠልተሽኝ ነው?» ካሏት ግን በፍርሃቷ ላይ ጥፋተኝነት ይደርቡባታል።

አሁን መካኒሳ ላይ የሆነውን ቀስ ብለን እንየው። ሚኒባሱ ቆሟል። የኋላ ወንበር ላይ አራት ሰው ተጣቧል። «ብርድ ይመታኛል» ያለ ተሳፋሪ መስኮቱን ዘግቶታል። ሰውነቷ ሞቀ፣ ልቧ ትንሽ ፈጠን አለ። እስከዚህ ድረስ በማናችንም ላይ የሚሆን ነው። ችግሩ የጀመረው «ልቤ ሊቆም ነው» የሚለው ሐሳብ ብልጭ ሲል ነው። ሐሳቡ አድሬናሊን የተባለውን የድንጋጤ ሆርሞን ያስረጫል፤ አድሬናሊኑ ልብን ያስሮጣል፤ የልብ ሩጫው ደግሞ ሐሳቡን እውነት ያስመስለዋል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዴቪድ ክላርክ ይህን አዙሪት በ1986 እ.ኤ.አ. በዝርዝር አስቀምጦታል፤ ዛሬ ለፓኒክ የሚሰጠው የንግግር ሕክምናም በአብዛኛው ከዚሁ ይነሳል።

ትንፋሽ ማጠሩም የራሱ ምክንያት አለው። የደነገጠ ሰው ሳያውቀው አብዝቶ ይተነፍሳል። በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ራስ ይዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ አየር ያለቀ ይመስላል። አየር ግን አላለቀም፤ እንዲያውም ከሚያስፈልገው በላይ ገብቷል። ለዚህ ነው «በጥልቀት ተንፍሺ» የሚለው የወዳጅ ምክር በፓኒክ መሃል እሳት ላይ ጋዝ እንደመጨመር የሚሆነው። «ራሴን ልስት ነው» ለሚለውም መልስ አለ። ሰው ራሱን የሚስተው አብዛኛውን ጊዜ የደም ግፊቱ በድንገት ሲወርድ ነው፤ በፓኒክ ጊዜ ግፊቱ ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም። ፍርሃቱ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፉ ላይ ይደርስና፣ ማንም ምንም ባያደርግ፣ ሰውነት ራሱ ያበርደዋል።

ታዲያ 7 ወር ሙሉ ለምን አልለቀቃት? እዚህ ላይ የእርስዎ ስም ይነሳል፤ እንደ ወቀሳ አይውሰዱብኝ። ስትደውልልዎት «ውረጂ፣ መጣሁ» ይላሉ፤ ወዲያው ይቀላታል። ነገር ግን አንጎሏ የሚመዘግበው «ፍርሃቱ በራሱ አለፈ» ብሎ አይደለም፤ «ባሌ ደረሰልኝና ተረፍኩ» ብሎ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ጉዞ ያለ እርስዎ የማይታሰብ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ሌሎች መደገፊያዎችም ሳይኖሯት አይቀርም፦ በር አጠገብ ካልሆነ አለመቀመጥ፣ ሃይላንድ ውሃ ካልያዙ አለመውጣት፣ የሚሸተት ሎሚ፣ ቁጥርዎ ተደውሎ የተዘጋጀ ስልክ። ማታ ማታ ልቧን መዳሰስዎም ከዚሁ ይቆጠራል። እጅዎ የሚያረጋጋት ለግማሽ ሰዓት ነው፤ ከዚያ ጥርጣሬው ይመለስና እንደገና ያስጠይቃታል።

ይህን አንብበው ነገ ጠዋት «ከዛሬ ጀምሮ አልመጣም» እንዳይሉ አደራ። በደግ ልብ ከሚሠሩ ስህተቶች የከፋው እሱ ነው። እገዛዎ የሚቀነሰው እሷ አውቃና ተስማምታ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው። ሳትነግሯት «ልሞክራት» ብሎ ስልክ አለማንሳትም ያው ነው፤ እምነቷን ያጡና ሥራው ከዜሮ ይጀመራል።

መጀመሪያ የሕክምናውን ጎን ይዝጉት። የደም ምርመራዋ ውስጥ ታይሮይድና የደም ማነስ መታየታቸውን ይጠይቁ፤ ሁለቱም ልብ ያስሮጣሉ። እነሱም ደህና ከሆኑ በየሳምንቱ ኢሲጂ መነሳት ይብቃ፤ እያንዳንዱ ድጋሚ ምርመራ «ምናልባት ያላዩት ነገር አለ» የሚለውን ጥርጣሬ ይቀልባል። ሥራ ሲሠሩ የሚብስ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ የደረት ሕመም ወይም በእውነት ራስን ስቶ መውደቅ ከመጣ ግን ወዲያው ሐኪም ቤት ነው። ዳያዝፓሙን በተመለከተ፣ በየቀኑ ለሳምንታት ስትወስደው ከቆየች በአንድ ጊዜ እንዳታቋርጠው፤ አደጋ አለው፣ ሐኪም ነው ቀስ እያለ የሚያወርደው። አልፎ አልፎ ብቻ ከሆነም ዋናው ችግሩ ልምድ ማስያዙ ብቻ አይደለም። ክኒን ውጣ ታክሲ ብትሳፈርና ብትደርስ ምስጋናው ለክኒኑ ይሆናል፤ እሷ የተማረችው ነገር አይኖርም።

«ምንም የለብሽም» የሚለውን ቃልም ከቤታችሁ ያስወጡት። ሐኪሙ ለማጽናናት ብሎት ይሆናል፤ ታማሚ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ግን «ትዋሻለሽ» ሆኖ ነው የሚሰማው። «ልብሽ ጤነኛ ነው፤ ያስቸገረሽ ፓኒክ ነው፤ ስምም መድኃኒትም አለው» ይበሏት።

ሥራው የሚጀመረው ሳሎን ውስጥ ነው። ለ1 ደቂቃ ባለችበት ቆማ ትሩጥ። ስታርፍ አፏን ከፍታ ለ1 ደቂቃ በፍጥነት ትተንፍስ። ከዚያ አፍንጫዋን ይዛ በቀጭን የጁስ መምጠጫ ብቻ ለ1 ደቂቃ ትተንፍስ። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ትደጋግም፤ በየመሃሉ ፍርሃቷን ከ10 ነጥብ ትስጠው። ዓላማው ያንኑ የሚያስፈራትን ስሜት ራሷ ጠርታው፣ መጥቶ ሲሄድ ማየት ነው። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ቀን ከፍ ያለው ቁጥር ልምምዱ ሲደጋገም እየወረደ ይሄዳል። ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ አስም፣ የልብ ወይም የሚጥል ሕመም ካለባት ሐኪም ሳይፈቅድ አይሞከርም።

ቀጥሎ መንገዱ ነው። አንድ ደብተር ያዘጋጁላት። ከመሳፈሯ በፊት ምን ይሆናል ብላ እንደምትፈራ ትጻፍ፤ ስትደርስ ደግሞ የሆነውን። ለምሳሌ ከመነሳቷ በፊት «ጀርመን አደባባይ ሳልደርስ ራሴን እስታለሁ፤ 80 በመቶ እርግጠኛ ነኝ» ብላ ትጽፋለች። ስትደርስ ደግሞ «ፍርሃቱ 8 ደረሰ፤ መካኒሳ ላይ 5 ሆነ፤ አልወደቅኩም፤ ረዳቱ መልሴን ረስቶ ነበር፣ ጠይቄ ተቀበልኩ» የሚል መስመር ይወጣታል። መልሷን ለመጠየቅ ትዝ ካላት ቀልቧ ከልቧ ምት ላይ መነሳት ጀምሯል ማለት ነው፤ እኔ ይህን መስመር ከቁጥሩ የበለጠ እወደዋለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ታክሲ ሂዱ፤ እርስዎ ጋቢና፣ እሷ መሃል ወንበር። በሁለተኛው እሷ ትቅደም፣ እርስዎ በቀጣዩ ታክሲ ይከተሉና ሜክሲኮ ተገናኙ። ከዚያ አብራችሁ ተነሥታችሁ እርስዎ ጀርመን አደባባይ ይውረዱ፣ እሷ ትቀጥል። ቀጥሎ ሰው በማይበዛበት እሑድ ጠዋት ብቻዋን መካኒሳ ደርሳ ትመለስ፤ ከዚያ በሥራ ቀን 4 ሰዓት ላይ ሙሉውን መንገድ፤ በመጨረሻ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ የኋላ ወንበር፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ሎሚውና ውሃው ቤት ቀርቶ፣ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ። በሳምንት ከ4 እስከ 5 ጊዜ ቢሆን ይሻላል፤ በሳምንት አንዴ መሞከር በየጊዜው እንደ አዲስ መጀመር ነው። ፍርሃቱ 3 ገደማ እስኪወርድ በአንዱ ደረጃ ላይ ብትቆይ ችግር የለውም። አብዛኛውን ጊዜ አጠቃላይ ሥራው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል።

ዋናው እንቅፋት ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ማለቷ ነው። ቢሆንባት አትቆጡ፣ ወደ ቤትም አትመልሷት፤ አስፋልት ዳር ቆማ ቀጣዩን ታክሲ ትሳፈርና ጉዞውን ትጨርስ። ሌላው ጆሮ ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ዓይን ጨፍኖ መጓዝ ነው፤ ተደብቆ ማለፍ ነውና ብዙም አያስተምርም። ቡናውንም ጨርሳ አትተወው። ለጊዜው አቦልና ቶና ይብቃት፤ በኋላ ግን በረካውን መጠጣት ራሱ አንዱ ልምምድ ይሆናል።

ከአማትዎ ጋር የገቡበት ክርክር አያዋጣም። ጠበል መሄዷ ከዚህ ሕክምና ጋር አይጣላም፤ ሰው የሚበዛበት ቦታ ስለሆነ እንዲያውም ለልምምዱ ይጠቅማል። ችግር የሚሆነው የታዘዘ መድኃኒት ሲቋረጥ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት እንደማይጋጩ በይፋ ተናግረዋል፤ ለአማትዎ ከእኔም ከእርስዎም ቃል ይልቅ ይህ ይከብዳል። ሄደው ይቅርታ ይጠይቋቸውና ሁለት ነገር ይለምኗቸው፦ መድኃኒት ከታዘዘላት አታቋርጥ እንዳይሏት፣ በስልክም በየሰዓቱ «ተሻለሽ ልጄ?» እንዳይሏት።

በዚህ መንገድ በ4 ሳምንት ምንም ለውጥ ካላዩ፣ ወይም ከመጀመሪያው ብቻችሁን የምትወጡት ካልመሰላችሁ፣ የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሐኪም ያስፈልጋል። አማኑኤል ሆስፒታል የሚታከመው «ያበደ» ሰው ብቻ አይደለም፤ በጥቁር አንበሳም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እንደ ሰርትራሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒት ሊታዘዝላት ይችላል። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሳምንት ትንሽ ሊያቁነጠንጣት እንደሚችል አስቀድማ ትወቀው፤ ብዙዎች የሚያቆሙት እዚያ ላይ ነው፣ ጥቅሙ የሚታየው ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ነው። መኖር ያስጠላት፣ ራሷን መጉዳት ያሰበች ከመሰለዎት በግልጽ ይጠይቋት፤ አዎ ካለች ብቻዋን ሳይተዉ በዚያው ቀን ይውሰዷት።

ማታ ላይ «ልቤን ዳስልኝ» ስትል አንድ ጊዜ «ይህ ፓኒክ ነው፣ ያልፋል» ይበሉና እጅዎን ከደረቷ ይልቅ እጇ ላይ ያድርጉ። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ አይስጡ፤ ለምን እንደማይመልሱ ግን ቀን ላይ ተነጋግራችሁ ጨርሱት። ብቻዋን በተጓዘች ቀን ደግሞ «ደርሻለሁ» ብላ ስትደውል «ደህና ነሽ?» አይበሏት። «ከ10 ስንት ደረሰ?» ይበሉና ቁጥሩን ስትነግርዎት «የት ጋ ወረደ?» ብለው ይቀጥሉ።