ሻንጣዋ ውስጥ ምን እንደከተተች እዩ

ልጆች እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን አንዲት ወጣት የጻፈችውን የፊልም ስክሪፕት አንብቢልኝ ብላ ላከችልኝ፣ ሁለት ሴት ጓደኛሞች መኪና ይዘው ከቤታቸው ይጠፋሉ፣ ታሪኩ እሱ ነው። ለሷ ብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ ምክንያቱም የሷ ስህተት የብዙዎቻችሁ ስህተት ነው፣ የኔም ነበር። ገጽ 60 ላይ አንደኛዋ ልጅ የመኪናውን መስኮት ከፍታ ፀጉሯ በንፋስ እየተበተነ "እኔ ከዚህ በኋላ የድሮዋ አይደለሁም" ትላለች። እንዴ! ማን ነገራት? እኔ ስትለወጥ አላየሁም'ኮ። ያየሁት መንገድ ነው፣ ተራራ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሙዚቃ ምናምን። መንገድ ብቻውን ሰው ቢለውጥ ኖሮ የከባድ መኪና ሹፌር ሁሉ ጻድቅ ይሆን ነበር።

ከ30 ዓመት በላይ የፊልም ኤዲቲንግ ላይ ነው የኖርኩት። ስራዬ ባጭሩ ሰው ያወራውን እየቆረጡ ያደረገውን ማስቀረት ነው፣ ስለዚህ የምነግራችሁም በዚያ ዓይን ነው።

ለምሳሌ የምወስደው እንደሷ ስክሪፕት ሁለት ሴት ጓደኛሞች መኪና ይዘው የሚወጡበትን "ቴልማ እና ሉዊዝ" የሚባለውን የአሜሪካ ፊልም ነው፣ ያላያችሁ መጨረሻውን ጭምር ስለማወራ መጀመሪያ አይታችሁ ተመለሱ። በፈረንጆቹ 1991 የወጣ ነው፣ ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት፣ ስክሪፕቱን የጻፈችው ካሊ ኩሪ ናት፣ የመጀመሪያ ስክሪፕቷ ነበር እና በዓመቱ ኦስካር ወሰደችበት (ይሄን የምለው እንድትቀኑ ነው)። ሉዊዝ አስተናጋጅ ናት፣ ቴልማ ባሏን ለማስፈቀድ እንኳን የምትፈራ የቤት እመቤት፣ ለሁለት ቀን እረፍት ብለው ከአሜሪካዋ አርካንሶ ግዛት ይወጣሉ።

አሁን ሻንጣ ሲያዘጋጁ እዩዋቸው። ሉዊዝ ሁሉን ነገር በስርዓት አጣጥፋ ትከታለች፣ ከቤት ከመውጣቷ በፊት የጠጣችበትን ብርጭቆ አጥባ ታስቀምጣለች። ቴልማ ደግሞ መሳቢያውን እንዳለ ትገለብጠዋለች፣ ቸኮሌቱን ከፍሪዘር አውጥታ ትገምጥና መልሳ ትከተዋለች፣ ደግሞ አውጥታ ትገምጣለች፣ ሽጉጡን በሁለት ጣቷ ጫፍ አንጠልጥላ ቦርሳዋ ውስጥ ትጥላለች። አንድም ሰው "ሉዊዝ ጥንቁቅ ናት፣ ቴልማ ልጅ ናት" አላለንም፣ ግን አወቅን። ደግሞ በኋላ የሚገለባበጠው በትክክል ይሄው ነው፣ ጸሐፊዋ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠችው ሁሉ በኋላ ቦታ ይቀያየራል።

በመንገድ አንድ ሰው ቴልማን ሊደፍራት ሲል ሉዊዝ በዚያው ሽጉጥ ታስቆመዋለች፣ ሰውየው ሲሳደብ ደግሞ ተኩሳ ትገድለዋለች፣ ከዚያ ወደ ሜክሲኮ ሽሽት። ሉዊዝ ግን በቴክሳስ በኩል አላልፍም ትላለች፣ ካርታው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጦ እያለ። ለምን? ፊልሙ እስኪያልቅ ከሷ አፍ አይወጣም፣ ቴልማ ራሷ ናት ቀስ ብላ የምትገምተው፣ ሉዊዝም አታወሪ ትላታለች። እናንተ ብትጽፉት እሳት ዳር ቁጭ ብላ ሶስት ገጽ እያለቀሰች ትናገር ነበር፣ አውቃችኋለሁ። ጓደኛሽ የማትነግርሽን ነገር አውቀሽ፣ ዝም ብለሽ ረጅሙን መንገድ አብረሻት መሄድ፣ ከዚህ በላይ ስለጓደኝነት ምን ይጻፋል?

እኔ የምወደው ሲን (ትዕይንት) ግን ወለሉ ላይ ያለው ነው። ቴልማ አንድ ቆንጆ ልጅ (ብራድ ፒት ነው፣ ያኔ ገና አልታወቀም ነበር) አምናው የሉዊዝን የዕድሜ ልክ ቁጠባ ባደሩበት ሞቴል ክፍል ውስጥ ትታው ትወጣለች፣ ልጁ ይዞት ይጠፋል። ሁሌ የምታዘው፣ ሁሌ የምታስበው ሉዊዝ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። በቃ አለቀላት። ያኔ ያቺ ቸኮሌት ገማጯ ናት ተነሽ ብላ የምትጎትታት፣ እቃ የምትሸክመው፣ ከዚያ ሄዳ ሱቅ የምትዘርፈው። ዝርፊያውን የምናየው ደግሞ ባሏና ፖሊሶቹ በሴኩሪቲ ካሜራ ቪዲዮ ሲያዩት ነው፣ ስለዚህ የሷን ለውጥ የምናነበው ባሏ ፊት ላይ ነው። ኤዲተር ሆኜ ይሄን ባየሁ ቁጥር እቀናለሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ የራሴን ላውራ። ወጣት እያለሁ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር አንድ ፊልም ለሁለት ኤዲት እናደርግ ነበር፣ ከፕሮዲውሰር ጋር የምትከራከረው እሷ፣ ጥግ ይዤ የምቆርጠው እኔ። ልናስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረን ሃርድ ዲስኩ ሞተ። ባክአፕ (ተጨማሪ ቅጂ) አድርጊ ተብዬ ያላደረግኩት እኔ ነኝ። እሷ አልጮኸችብኝም፣ ግድግዳውን ተደግፋ ወለል ላይ ተቀመጠች፣ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። እኔ የፕሮዲውሰሩን ስልክ እንኳን አንስቼ የማላውቅ ሰው ደወልኩለት፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ከጥሬው ቀረጻ እንደገና እንሰራዋለን አልኩት፣ ድምጼ እየተንቀጠቀጠ ነበር ግን አልኩት። ሰራነውም። የሚገርማችሁ ከዚያ በኋላ ወደ ድሮ ቦታችን መመለስ አልቻልንም፣ እሷ ስትወስን እኔም አስተያየት አለኝ ማለት ጀመርኩ፣ ለጥቂት ወራት ተኮራርፈን ሁሉ ነበር። ለውጥ እንዲህ ነው፣ ከጓደኛሽ ላይ የወደቀውን ሸክም ስታነሺ ነው የሚመጣው፣ እሷም ሸክሙን ስትመልሺላት ሁሌ ደስ አይላትም። ስክሪፕታችሁ ላይ ይሄ መኮራረፍ ለምን እንደሌለ አይገባኝም፣ ጓደኛሞቹ ከገጽ 1 እስከ መጨረሻ ይተቃቀፋሉ።

ስለ ቴልማ እና ሉዊዝ መጨረሻ ብዙ ተጨቃጭቀናል። በታሪኩ ግራንድ ካንየን ጫፍ ላይ ነው (የተቀረጸው ዩታ ውስጥ ነው)፣ ፖሊስ ከኋላ፣ ገደል ከፊት፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው መኪናውን ወደ ገደሉ ይነዱታል፣ መኪናው አየር ላይ እንዳለ ምስሉ ይቆማል። ወጣት ሆኜ ድል ነው እል ነበር፣ አሁን እንደዛ አልልም፣ ሁለት ሴቶች ሞቱ'ኮ፣ ሌላ በር አጥተው። እኔን አሁን የሚይዘኝ ሌላ ነው። ጉዞ ሲጀምሩ ሊፕስቲክ ተቀብተው ራሳቸውን በፖላሮይድ (ፎቶውን ወዲያው በሚያወጣ ካሜራ) ፎቶ ያነሳሉ። ሉዊዝ መንገድ ላይ ሊፕስቲኩን ትወረውረዋለች፣ ጌጧንና ሰዓቷን ለአንድ ሽማግሌ ትሰጣለች፣ መጨረሻ ላይ መኪናው ሲፈተለክ ያ ፎቶ ከኋላ ወንበር በንፋስ ተነስቶ ይበራል። ለሰከንድ ነው፣ ብዙ ሰው አያየውም።

ስለዚህ አንቺ ስክሪፕቱን የላክሽልኝ ልጅ፣ ገጽ 60ን አጥፊውና ያቺ ንግግር በነበረችበት ቦታ የመኪናውን ቁልፍ ማን እንደያዘ ጻፊልኝ። ከዚያ ላኪልኝ፣ ማታ ማታ ነው የማነበው።