ወጣቱን በዞኑ የሚያቆየው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ በክልላችን የልዩ ኢኮኖሚ ዞን ጉዳይን በሚከታተል ቡድን ውስጥ በባለሙያነት እሠራለሁ። ከዩኒቨርሲቲና ከቴክኒክና ሙያ ተቋማት የሚመረቁ ወጣቶችን ወደ ዞኑ ለመሳብ የፖሊሲ ሐሳብ እንድናቀርብ ታዘናል። ባልደረቦቼ ለባለሀብቱ የግብር እፎይታ ከተጨመረለት ወጣቱ ተከትሎ ይመጣል ባዮች ናቸው። እርስዎ ምን ይላሉ?
ከሐዋሳ

መልስ፦ በባልደረቦችዎ ሐሳብ አልስማማም። የግብር እፎይታ ፋብሪካ ሊያመጣ ይችላል፤ ሠራተኛ ግን አያቆይም፤ ማስረጃውም እዚያው ከተማዎ ውስጥ አለ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለ60,000 ያህል ሰዎች ሥራ እንደሚፈጥር ታስቦ ነበር። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት በ2011 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ጥናት ግን የልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበረና ፋብሪካዎቹም በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን ሙሉ በሙሉ እስከመተካት ይደርሱ እንደነበር ተገልጿል። ከገጠር የመጡት ወጣቶች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ ደመወዛቸውን ሲጨርስባቸው ሥራውን ጥለው ይሄዱ ነበር። ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው የንግድ ዕድል፣ መታገዷ ችግሩን አባባሰው እንጂ አልፈጠረውም።

ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚመለከተው ጉዳይ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሚቋቋም የደመወዝ ቦርድ የሚታይ ስለሆነ በክልል ረቂቅ አይፈታም። የከተማ ቦታ ግን በክልሉ እጅ ነው። ስለዚህ ከፋብሪካው በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ ለሠራተኛ መኖሪያ የሚውል ቦታ አስቀድሞ ቢለይና በክልሉ ሥልጣን ሥር ያለው ማበረታቻ ሁሉ መኖሪያውን ከመገንባት ጋር ቢተሳሰር፣ ከማንኛውም የማስታወቂያ ዘመቻ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ተመራቂውን በተመለከተ ነገሩ ትንሽ ይለያል። መሐንዲሱ ከደመወዙ እኩል የሚያሳስበው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የት እንደሚደርስ ነው፤ የተቆጣጣሪነትና የቴክኒክ ኃላፊነት ቦታዎች ሁሉ በውጭ ዜጎች ተይዘው ካየ አይቆይም። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሙያ የሚቀጥር ባለሀብት አስፈላጊውን ሥልጠና በመስጠት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በኢትዮጵያውያን እንዲተካቸው ያስገድዳል። ድንጋጌው አለ፤ የጎደለው አፈጻጸሙን የሚከታተል አካል ነው። ቡድናችሁ እያንዳንዱ ድርጅት የትኛውን የሥራ መደብ መቼ እንደሚያስረክብ የሚያሳይ ዓመታዊ ዕቅድ እንዲያቀርብ፣ ዕቅዱም በአካባቢው ባሉ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ለተማሪዎች እንዲገለጽ ቢጠይቅ፣ ተመራቂው የሚያመለክተው የሚያድግበትን ደረጃ አስቀድሞ አውቆ ይሆናል።