ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ ማጠቢያና ሙቅ ውሃ፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቤት ለቤት እየዞራችሁ ምንጣፍና ሶፋ የምታጥቡ ልጆች በርከት ብላችኋል። ስለ ውሃ ማሞቅ የጠየቃችሁኝን ልመልስ።

ማሽኔ ማሞቂያ የለውም። የፈላ ውሃ ቀጥታ ልጨምርበት? (ከደሴ)

ኧረ ተው ወንድሜ! የብዙዎቹ ፓምፕና የጎማ ማሸጊያ የፈላ ውሃ አይችልም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ጆግ የፈላ ከአንድ ጆግ የቧንቧ ውሃ ጋር ባልዲ ውስጥ ቀላቅል። 50 ዲግሪ አለፍ ይላል፣ ለአብዛኛው እድፍ ይበቃል። ግን መመሪያውን እይ፤ ከዚያም ያነሰ ሙቀት ብቻ የሚፈቅድ ማሽን አለ።

የኔው ራሱ ያሞቃል፤ ግን ደንበኛ ቤት ስሰካው ብሬከሩ ይወርዳል። (ከኮምቦልቻ)

አብሽር፣ ማሽኑ አልተበላሸም። ቤቱ 220 ቮልት ነው፤ የ10 አምፔር መስመር የሚሸከመው 2,200 ዋት ብቻ ነው። መምጠጫው 1,200፣ ማሞቂያው 1,500 ከሆነ አብረው ሲሠሩ መስመሩ አይችላቸውም። በዚያ ላይ ጓዳ ውስጥ እንጀራ እየተጋገረ ሊሆን ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ስለዚህ መጀመሪያ አሙቅ፣ ማሞቂያውን አጥፋ፣ ከዚያ እጠብ። 20 ሊትር ከ15 ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ በ1,500 ዋት 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። እስከዚያ ሶፋውን አንሳ፣ አቧራውን በደረቁ ምጠጥ፣ ሻይ ከቀረበልህም ጠጣ።

ብሬከሩን በትልቅ ቀይረው የሚልህን ባለሙያ ነኝ ባይ ግን እንዳትሰማ። ብሬከሩ ዝም ሲል ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይጋላል። ኤክስቴንሽንህንም ተጠቅልሎ እንዳለ አትጠቀምበት፣ ሙሉ በሙሉ ዘርጋው። እየሠራህ በእጅህ ዳስሰው። ከሞቀህ ቀጭን ነውና ወፍራም ግዛ።

ሕፃን ወተት ያስመለሰበት መጅሊስ በሙቅ ይለቃል? (ከወልድያ)

አይለቅም እህቴ፣ ጭራሽ ይጋገርብሻል። ወተት፣ ደምና እንቁላል በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚጀመሩት። ሙቁን ለቅቤና ለወጥ ቅባት አቆዪው።

የሱፍ ምንጣፍስ?

ለብ ያለ ብቻ፣ ሳሙናውም ለሱፍ የሚሆን ይሁን። መጀመሪያ ጥጉን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹት። ቀለም ከነካው ተዉት።

ከረመዳን በፊት የመስጊድ ምንጣፍ ልናጥብ ነው። ያን ሁሉ ውሃ በምን እናሙቅ? (ከሐይቅ)

ሸጋ ሥራ ነው፤ ግን ሁሉንም ማሞቅ አያስፈልግም። ዋናው ነገር አቧራው ነው፣ እሱ ደግሞ በደረቁ ነው የሚወጣው። ሙቁን ውሃ ለበሩ አካባቢና ግንባርና እግር ለሚያርፍበት መስመር ያዙት፤ የላብ ቅባት የሚጠራቀመው እዚያ ነው። በርሜል በእንጨት ካሞቃችሁ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት፤ አመድ የመርጫውን ቀዳዳ ይደፍናል። አንዴ ረጭታችሁ ሁለት ሦስቴ ምጠጡ። ሳይደርቅ ከተሰገደበት ሽታው ወር ሙሉ አይለቅም።