መልስ፦ የሮማኒያ ፊልም ዓለምን ያዳረሰው እንዴት ነው?

«ብዙ ገንዘብ የሌላት ሮማኒያ ፊልሞቿን ለውጭ ተመልካች ያደረሰችው በምን መንገድ ነው?» ብለህ ለጠየቅኸው፣ አጭሩ መልስ በፈረንሳይ በየዓመቱ የሚካሄደው የካን የፊልም ፌስቲቫል ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የሮማኒያዊው ዳይሬክተር የክሪስቲ ፑዩ ፊልም እዚያ ተሸለመ፤ አንድ የታመመ አዛውንት በአምቡላንስ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲንከራተት የሚያድርበት ታሪክ ነው። በ2007 ደግሞ ሌላው ሮማኒያዊ ዳይሬክተር ክርስቲያን ሙንጂው ዋናውን ሽልማት፣ ወርቃማውን ዘንባባ፣ ወሰደ።

ካን ሽልማት ብቻ እንዳይመስልህ፤ ገበያም ነው። ከየአገሩ የመጡ አከፋፋዮች ፊልም የሚገዙት እዚያው ነው። የማስታወቂያ ወጪ የማይችለውን ፊልም ሽልማቱ ራሱ ያስተዋውቅለታል።

ግን ዳኞቹን የማረከው ምን ነበር? የሙንጂውን ፊልም የእራት ትዕይንት ተመልከት። ወጣቷ ጓደኛዋን ሆቴል ውስጥ በጭንቅ ላይ ትታ ከፍቅረኛዋ ቤተሰብ ጋር ማዕድ ላይ ተቀምጣለች። እንግዶቹ ያወራሉ፣ ይበላሉ፤ ስልክ ይጮኻል፣ የሚያነሳው የለም። ካሜራው ለደቂቃዎች ንቅንቅ አይልም፤ ሙዚቃም የለም። እኔ መጀመሪያ ሳየው ተነሥቼ ስልኩን ላነሳላት ምንም አልቀረኝም ነበር። ይህ አቀራረጽ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ጥሩ ተዋናይና ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

የሚገርመው፣ አገር ቤት ብዙ ሲኒማ ቤቶች ተዘግተው ስለነበር ሙንጂው ተሸላሚ ፊልሙን በመኪና ጭኖ ሲኒማ በሌለባቸው ከተሞች እየዞረ አሳይቷል። ፓሪስ መድረሱ ሳይቀልለው አልቀረም!