ዳይስ ከመግዛታችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዷ «መቶ ዶላር አለኝ፤ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ለመጀመር ምን ልግዛበት?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ ነው፤ አንዱ መሪ ሆኖ ታሪኩን ይነግራል፣ ሌሎቹ የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ይዘው ይገቡበታል፣ የሚሳካውንና የማይሳካውን ዳይስ ይወስናል። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ተገዝቶ አንድም ቀን ሳይጫወቱበት ይቀራል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ «ዕቃው ውድ ነው» ተብሎ ጨዋታው ሳይጀመር ይቀራል። ሁለቱም ያንገበግቡኛል። ሙያዬ ሒሳብ ነውና የዕቃን ዋጋ የማሰላው የተከፈለበትን ገንዘብ ለተጫዋቾቹ ቁጥርና ለተጫወቱበት ሰዓት በማካፈል ነው።

ከዳይስ ልጀምር፤ ሁሉም ቀድሞ የሚገዛው እሱን ነው። እንደ ሉዶው ባለ 6 ገጽ ብቻ አይደለም፤ ባለ 4፣ ባለ 8፣ ባለ 10፣ ባለ 12ና ባለ 20 ገጽም አለ። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ሌክ ጄኔቫ ከተማ ሲወጣ 1,000 ቅጂ ታተመ፤ ሣጥኑ 10 ዶላር ሲሆን በውስጡ የነበሩት ሦስት ቀጫጭን መጽሐፎች ናቸው። ዳይሱ ለብቻው ነበር የሚገዛው። በ1977 የጀማሪዎች ሣጥን ሲመጣ ዳይስ ተጨመረበት፤ ግን የዛሬው ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ፕላስቲኩ ለስላሳ ስለነበር ጠርዙ ቶሎ ይዶለዱማል። ባለ 20 ገጹ ላይ የተጻፈው ከ0 እስከ 9 ሁለት ሁለት ጊዜ ነው። ስለዚህ የግማሹን ቁጥር በአንድ ቀለም፣ የግማሹን በሌላ ቀለም ሞልቶ፣ አንደኛው ቀለም ሲወጣ 10 መደመር ግድ ነበር። በ1979 ደግሞ ፈላጊው በዝቶ ዳይሱ ጠፋ። አሳታሚው ቲኤስአር ሽያጩን አላቆመም። ቁጥር የታተመባቸው፣ በመቀስ የሚቆራረጡ ሁለት ካርቶኖችና የዳይስ ማዘዣ ኩፖን ሣጥኑ ውስጥ ከትቶ መሸጡን ቀጠለ። ገዢው ቆራርጦ ኩባያ ውስጥ ይጨምርና እያወጣ ይጫወታል።

ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራል፤ ዳማ በቆርኪ ለሚጫወት ሰው ደግሞ እንግዳ አይደለም። የአንድ ዓይነት መጠጥ 20 ቆርኪ ሰብስቡ፤ በውስጥ በኩል ከ1 እስከ 20 በማይለቅ ማርከር ጻፉ፤ ከውጭ የማያሳይ ከረጢት ውስጥ ክተቱ። ባለ 10 ሲያስፈልግ ከ10 በላይ ከወጣው ላይ 10 ቀንሱ። ለባለ 4፣ ከ1 እስከ 5 የወጣው 1፣ ከ6 እስከ 10 የወጣው 2 እያላችሁ ቁጠሩ። ለባለ 12 ከ12 በላይ፣ ለባለ 8 ከ8 በላይ ሲወጣ መልሳችሁ አውጡ። ለባለ 6 የሉዶው ዳይስ ይበቃል። የሚበላሸው አንድም ቆርኪው ከወጣ በኋላ ሳይመለስ ሲቀር ነው፤ 20 ውጭ ከዋለ ሁለተኛ ሊወጣ አይችልምና ዕድሉ ይዛባል። አንድም የተጣመመ ወይም የተለየ ቆርኪ ሲቀላቀል ነው፤ ጣት ይለየዋል።

ዳይስ ከገዛችሁ ለአንድ ሰው ሰባት ፍሬ ያለው አንድ ስብስብ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ባለ 6 ብቻ ነው፤ ፋየርቦል የሚባለው አስማት በአንዴ ስምንት ባለ 6 ያስጥላል። ቼሴክስ የሚባለው የዳይስ ድርጅት 12 ሚሊሜትር የሆኑ 36 ባለ 6 ፍሬዎች በአንድ ሣጥን ይሸጣል፤ አንድ ሣጥን ለጠረጴዛው ሁሉ ይተርፋል። የብረት ዳይስ ጠረጴዛ ይፍቃል። ዳይሱ ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል በጨው ውሃ አንሳፍፈው የሚፈትኑ አሉ፤ ዳይሱ ሰመጠ ማለት ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የምግብ ጨው የቻለውን ያህል ቢሟሟ የውሃው ጥግግት 1.2 አካባቢ ነው፤ ከዚያ የከበደ ፕላስቲክ አይንሳፈፍም። መታየት ያለበት ተንሳፍፎ ሲገለበጥ ያው አንድ ገጽ ሁሌ ወደ ላይ ይመጣ እንደሆነ ነው።

መጽሐፍ አትግዙ። ከጥር 2023 ወዲህ የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ሕግ፣ ኤስአርዲ 5.1 የሚባለው፣ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነፃ ይገኛል። ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ ወደ አማርኛ ተርጉማችሁ መሸጥ እንኳ ትችላላችሁ፤ ይህን የሚያህል ስጦታ ዝም ተብሎ መቀመጡ ይገርመኛል። ከ400 ገጽ በላይ ስለሆነ ሁሉንም አታትሙ፤ የገጸ ባሕርይ አሠራሩ፣ የውጊያው ምዕራፍና የምትጠቀሙባቸው አስማቶች ብቻ ይበቃሉ። ጉድለቱ ይኸው፦ እንደ ተዋጊና አስማተኛ ያሉት 12ቱም የገጸ ባሕርይ ሙያዎች ቢኖሩም ለእያንዳንዱ የተሰጠው አንድ ዘርፍ ብቻ ነው፤ የገጸ ባሕርይ የኋላ ታሪክም የተቀመጠው አንድ ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ሦስት ወር ለተጫወተ ቡድን አንድ የታተመ የተጫዋቾች መጽሐፍ የምመክረው። አዎ፣ አትግዙ ብያለሁ፤ ግን ስልክ ላይ ሕግ ፍለጋ የገባ ልጅ ሕጉን ይዞ ሲመለስ አይታይም። የእናንተ ዘመን ሰው በቪዲዮ የሌላውን ያጌጠ ጠረጴዛ እያየ፣ ያ ሁሉ ከሌለ ጨዋታ የለም ይላል። ዕቃው የተጠራቀመው ከብዙ ዓመት ጨዋታ በኋላ መሆኑን ካሜራው አያሳይም።

ከተሸጡት ሁሉ ለገንዘቡ እጅግ የሚክሰው በ2014 የወጣው የጀማሪዎች ሣጥን ነበር፤ ዋጋው 19.99 ዶላር። ባለ 32 ገጽ ሕግ፣ ባለ 64 ገጽ ጀብዱ፣ ተሞልተው የተዘጋጁ አምስት ገጸ ባሕርያትና ስድስት ዳይስ ነበሩት። አራት ተጫዋችና አንድ መሪ አራት አራት ሰዓት ስድስት ጊዜ ቢቀመጡ 120 የሰው ሰዓት ይሆናል፤ ለሰዓት 17 ሳንቲም ገደማ። ያገለገለ ካገኛችሁ ዳይሱ ቢጎድል ግድ የለም፤ ጀብዱው ሙሉ መሆኑን ግን ገጽ በገጽ እዩ።

የውጊያው ቦታ በሚሣልበት ባለ ካሬ ምንጣፍ ላይ ብዙ ገንዘብ ይበላሻል። የቪኒል ምንጣፍ በእርጥብ ጨርቅ የሚጠፋ ማርከር ነው የሚፈልገው። የዋይትቦርድ ማርከር ከተጻፈበት አይለቅም፤ በአልኮል ቢያሹት የታተመው መስመርም አብሮ ሊነሳ ይችላል። ቀይ ቀለም ካደረ ጥላው ይቀራል፤ በጥቁር ሥሉ፣ በዚያው ማታ አጥፉ፣ ጠቅልሉት እንጂ አታጣጥፉት። አሜሪካ ያላችሁ የስጦታ መጠቅለያ ወረቀት ጀርባ እዩ፤ አንዳንዱ ባለ አንድ ኢንች ካሬ መስመር ነው፣ ጨዋታው የሚፈልገውም ያው ነው፤ በጨዋታው ዓለም አንዱ ካሬ እንደ አምስት ጫማ ይቆጠራል።

ገጸ ባሕርያቱን ወክለው ምንጣፉ ላይ የሚቆሙት ትንንሽ ምስሎች ይቆዩ፤ አዝራር ይበቃል። ሪፐር ቦንስ የሚባለው የፕላስቲክ ምስል ሰይፉ ተጣሞ ከመጣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አቅኑት፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውስጥ ክተቱት።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ የምትጠብቁ ደግሞ መጽሐፍ አታስይዙት፤ አንዱ ወደ ኪሎ ይጠጋል። ሁለት ስብስብ ዳይስ ካልሲ ውስጥ፣ ሁለት ጥቁር ማርከር በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ምንጣፉ ሻንጣው ጠርዝ ላይ ተጠቅልሎ ቢገባ፣ ለሌላው ሰው አደራ የሚተርፍ ቦታ አይጠፋም።