መልስ፦ መጠይቁ «ረክተዋል» ይላል፣ ቅሬታው ግን አልቀነሰም

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎች ዲን ቢሮ ስለ አገልግሎታችሁ በበተናችሁት መጠይቅ ተማሪዎቹ «ረክተናል» ብለው ሳለ ቅሬታው ለምን እንዳልቀነሰ ለጠየቅከው፦ የለካችሁት ስሜትን እንጂ አገልግሎቱን አይደለም። ሌላ መጠይቅ ከመበተንህ በፊት ቢሮህ ያለውን መዝገብ ክፈት።

1. ለእያንዳንዱ አገልግሎት «ተማሪው በዚህ ምክንያት ምን ማድረግ ቻለ?» ብለህ ጻፍ። ለምክር አገልግሎት፣ ለምሳሌ፣ «ትምህርት ሊያቋርጥ የመጣ ተማሪ ሴሚስተሩን ጨረሰ» የሚል። «ሥልጠና ተሰጠ» የእናንተን ሥራ እንጂ የተማሪውን ለውጥ አያሳይም።

2. ከዚያ ማስረጃውን ፈልግ። ካፌ ከሆነ፣ በምግብ ካርድ (ሚል ካርድ) የተመገበውን ሰው ቁጥር ከቀን ቀን አወዳድር። ነን ካፌ ለመሆን፣ ማለትም ካፌ መመገቡን ትተው የምግቡን ብር በእጃቸው ለመቀበል፣ የሚያመለክቱትንም ቁጠር። ተማሪው ምግቡን ትቶ ብሩን ከመረጠ፣ ምክንያቱን ቁጭ ብለህ ጠይቀው። ዶርም ከሆነ፣ የቧንቧ ብልሽት ከተመዘገበ በኋላ ስንት ቀን ቆይቶ እንደተጠገነ እይ። መዝገብ ከሌለ፣ ዛሬውኑ አንድ ደብተር አስጀምር።

3. ግቢዎቹን አትደባልቅ። ዋናው ግቢ ያለ ተማሪና ወንዶ ገነት ወይም ይርጋለም ያለው ችግራቸው አንድ አይደለም። ሁሉንም በአንድ አማካይ ካስቀመጥክ የትንሹ ግቢ ችግር ተውጦ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን አደራ! መጠይቁን ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ) አያስሞላ። በተደጋጋሚ ያየሁት ነው፤ ቁልፍና ፍራሽ የሚሰጠው ሰው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ልጆቹ በአንድ እስክሪብቶ እየተቀባበሉ ከላይ እስከ ታች «5» ላይ ያከብባሉ። ከዲን ቢሮ ውጪ የሆነ ሰው፣ ስም ሳይጻፍ፣ ክፍል ውስጥ ያስሞላ። ውጤቱን ደግሞ ካፌው በር ላይ ለጥፉት፤ ምን እንደተስተካከለ ካላዩ በሚቀጥለው ዓመት ማንም ከልቡ አይሞላላችሁም።